ፊደል የተከሰሰበት ላፕቶፕ

ሐይቅ ከተማ ላይ ላፕቶፕ ታመመ ከተባለ መድኃኒት የማያዝ ሰው የለም። የእኔው በታመመ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ላይ ተሰየመበት። አቦሉ ላይ «ቫይረስ ነው» ተባለ። ቶናው ላይ «መብራት እየሄደ እየመጣ አቃጥሎት ነው» ተባለ። በረካው ሲደርስ ዱዓ የሚያደርጉልን እማማ «ዓይን ነው ልጄ፤ በረንዳ ላይ ዘርግተኸው ስትጽፍ ያላየህ መንገደኛ የለ» አሉና ዕጣን ጨመሩበት።

ሕመሙ ይህ ነው። ከአምባሰል ሽማግሌዎች አፍ የሰበሰብኩትን የሰርግና የእርሻ ግጥም እተይባለሁ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ የሚጠራለት አገር ግጥሙ በየሰው ደረት ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው። ታዲያ አንድ ስንኝ መታ መታ አድርጌ ቀና ስል ፊደሉ ገና አልደረሰም። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ቀስቷ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ሁሉም ስታክ ያደርጋል።

ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» አለ። በአገራችን ፎርማት የማይፈውሰው በሽታ የለም፤ በሽታውን ከነበሽተኛው ነው የሚያጠፋው። እምቢ ስለው ክፉውን ቃል ተናገረ፦ «ጋሼ፣ አማርኛ ስለሚጽፉበት ነው። ፊደላችን ከባድ ነው፤ ሜሞሪ ይበላል።»

ቫይረስ ቢል እችለው ነበር። ፊደል ሲከሰስ ግን ዝም አይባልም። እስቲ እንቁጠር። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፍ በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከሳሾች እዚህ ላይ ሲደርሱ መቁጠር ያቆማሉ። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውን ከነአናባቢው አዝሎ ነው የሚመጣው። «አምባሰል» በእኛ 5 ፊደል፣ 15 ባይት ነው፤ በላቲን 8 ፊደል፣ 8 ባይት። ሦስት እጥፍ የተባለው ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ሜሞሪ ላይ ሲወጣ ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች አንዱን ፊደል በ2 ባይት ይይዙታል። አንድ ሚሊዮን ፊደል ብተይብ 2 ሜጋባይት መሆኑ ነው። 4 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ በዚህ ታነቀ ብሎ መመስከር በሐሰት መመስከር ነው።

ደግሞ የት ሆኖ ነው ፊደል የሚከሰሰው? ከከተማው ወደ ሐይቁ ወረድ ሲሉ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት ያስጻፉበት ቦታ ነው፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም በራሳቸው የወንጌል መጽሐፍ ላይ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን ሜሞሪ የሚለካው በፍየል ቆዳ ነበር፤ ጸሐፊ ስንት ቅጠል ብራና እንደሚፈጅ ሳያሰላ ብዕር አያነሣም። አራቱ ወንጌላት በግዕዝ ተተይበው ቢያልቁ 2 ሜጋባይት አይሞሉም። የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሬ፣ ባዶ ገጽ ይዞ ሲከፈት ከ400 ሜጋባይት በላይ ይጠይቃል። አንድ ፊደል ያልሰፈረበት ገጽ የአራቱ ወንጌላት 200 እጥፍ! ለእንዲህ ያለው ባዶ ገጽ የአምባሰል ፍየል ሁሉ ቢታረድ አይበቃም።

ምን ይዞ ነው እንዲህ የሚከብደው ያልን እንደሆነ፣ ዛሬ ብዙው የዴስክቶፕ ኤዲተር ሆዱ ሲከፈት ሙሉ የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። ጊትሀብ የተባለው ኩባንያ አተም የሚባለውን ኤዲተር ሲሠራ የክሮምን መሠረት ክሮሚየምን አስገብቶ በኋላ ኤሌክትሮን የተባለውን ማዕቀፍ አወጣ። አተም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተዘጋ፤ ሟቹ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ። ስለዚህ አንድ ስንኝ ልጻፍ ብለው ሲከፍቱ ቪዲዮ የሚያጫውት፣ ካርታ የሚዘረጋ ማሰሻ አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢማክስ የተባለው ኤዲተር 8 ሜጋባይት ይበላል ተብሎ ይቀለድበት ነበር። ያን የቀለደ ሰው ዛሬን ቢያይ ቀልዱን ትቶ ኢማክስን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

ፋይሉም ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እውነት እንናገር። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በተባለው ኤዲተር ላይ አንድ ሰው 35 ሜጋባይት ፋይል መክፈት አቅቶት አቤት ብሎ ነበር። ሲመረመር ፋይሉ 13.7 ሚሊዮን መስመር ነበረው፤ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መስመር የየራሱን መዝገብ ስለሚከፍት 35ቱ 600 ሜጋባይት ገደማ ሆኖ ቁጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሠሪዎቹ አሠራሩን ለወጡት፤ ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጦ ለውጡን ብቻ በቁራጭ በቁራጭ መያዝ ጀመረ። የአምባሰል ሽማግሌ ግን የቱንም ያህል ቢገጥም 13 ሚሊዮን መስመር አይደርስም።

በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ። ኮምፒውተር ይማራል፤ ኤዲተሩንም የጫነልኝ እሱ ነው። «ጋሼ፣ ከመገመት ለምን አናየውም?» አለ። ከቡናው ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫነ፤ ታስክ ማናጀር ተከፈተ፤ «ሜሞሪ» የሚለውን አናት ነካና በመጠን አሰለፋቸው። ኤዲተሬ ከላይ ቁጭ ብሏል። ስሙ ሲዘረዘር አንድ መስሎኝ የነበረው ብዙ ሆኖ ወጣ፦ መስኮቱን የሚስል አለ፣ ኤክስቴንሽን የሚባሉትን ተለጣፊ ተጨማሪዎች የሚያስተናግድ አለ፣ ፎልደር የሚጠብቅ አለ። ከግጥም የሚያገናኘው አንዱም የለም።

ልጁ ቀጥሎ ያለኝ ነገር ቁም ነገር ነው። ሜሞሪ በዛ ማለትና ሜሞሪው ማደጉን አላቆመም ማለት ይለያያሉ። እኛ ሐይቆች ይህ አይጠፋንም። የሐይቃችን ውኃ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ይገባል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ሆኖም ከተማውን አላጥለቀለቀም፤ የገባውን ያህል ፀሐይ ታተነዋለች፣ መሬት ይመጠዋል። ጤነኛ ፕሮግራምም ይሞላል፣ የማይፈልገውን ይጥላል፣ አንድ ልክ ላይ ይረጋል። መግባቱን ትቶ መውጣቱን የረሳው ነው ሜሞሪ ሊክ የሚባለው። ለመለየት ከፍተነው ምሳ ሄድን። ቆሮሶ ጠብሰን በልተን ስንመለስ ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ጨምሯል።

ከዚያ ልጁ ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ከፈተው፤ ጸጥ አለ። ስለዚህ ጥፋቱ ከእነሱ ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ግማሹን አብርቶ ግማሹን ማጥፋት፣ ጥፋተኛ የተገኘበትን ግማሽ ደግሞ ለሁለት መክፈል ነው፤ ሃያ ቢሆኑ ከአምስት ዙር አያልፍም። መጀመሪያ የወጣው የእንግሊዝኛ ሆሄያት አራሚ ነው። አማርኛ አያውቅም፤ ስለዚህ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ቃል ስህተት ብሎ ከሥሩ አስምሮ፣ ለእያንዳንዱ እርማት እየፈለገ መዝግቦ ይዟል። ከድካሜ ሁሉ ትክክል ያለልኝ የገጽ ቁጥሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ወሰደ። ኮድ የሚተነትን ኤክስቴንሽን ሌት ተቀን አንድ ነገር ያነባል። ምን ያነባል? ግጥሜን አይደለም። ከግጥሙ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ተገኘ፤ ሲከፈት የልጁ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ነው፣ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠር ፋይል ጋር። ኤዲተሩ ያን ሁሉ ሲያነብና ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ባክአፕ ነው ጋሼ፤ እርስዎ ጋ አይጠፋም ብዬ» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

ፎልደሩ ወጣ፣ ሁለቱ ኤክስቴንሽኖች ተሰናበቱ፣ ሜሞሪው ወርዶ አንድ ልክ ላይ ረጋ። እማማ ዕጣኑ ሠራ ይላሉ፤ አልተከራከርኳቸውም። ባለሙያው ዘንድ ግን ተመልሼ ፊደል ከክሱ ነጻ መውጣቱን ነግሬዋለሁ።

እናንተም ላፕቶፑ ከበደኝ ብላችሁ ራም ልትገዙ ደሴ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚያን ሦስት ቁልፎች ተጫኑ። የምትጽፉበትን ፎልደር ብቻ ክፈቱ፤ የማታውቁትን ኤክስቴንሽን አጥፉ፤ የዘመድ ልጅ ባክአፕ ካለ ፈትሹ። ይህም ካልሆነላችሁ ኖትፓድ አለ፤ አማርኛ ይጽፋል፣ ጓዙ ቀላል ነው።