ሕንፃን ያለ ገበያተኛ የማስቀረት ዘዴ

መሃል ከተማ ሕንፃ የምታቆሙ አልሚዎች፣ ፈቃድ የምትሰጡም ሹማምንት፣ ፎቁ እየበዛ ገበያው እንዲሳሳ ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸው።

በመጀመሪያ ነዋሪውን አርቁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ተዛውሯል። ቤቶቹ መታደስ እንደነበረባቸው አልክድም፤ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱ ወዲህ ጣሪያቸው ሲያፈስ የኖረ፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ የሆነ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ጠዋት ዳቦ የሚገዛው፣ ማታ ጫማ የሚያስጠግነው፣ እሑድም ከሰፈሩ የማይጠፋው ያ ሰው ነበር። እሱን ከሸኛችሁ በኋላ ገዢ የሚመጣላችሁ ታክሲ ከተገኘ ነው።

ቀጥሎ ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ ሱቅ በሱቅ አድርጉት፤ አንድም መኖሪያ አይግባበት። መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ይሠራል። ሦስተኛ ፎቅ ግን ወጥታችሁ እዩ። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ ቢነሣም ናፍጣ ተወዷልና ለሊፍቱ አይተርፍም። ቀሚስ የምትሸጠው ልጅ በስልኳ ብርሃን ሒሳብ ትሠራለች። ፊት ለፊቷ ያሉት ሱቆች ተዘግተው «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ልጅቷ የስድስት ወር ኪራይ ቀድማ ከፍላ፣ መደርደሪያውን በራሷ ገንዘብ አሠርታ ነው የገባችው። ውሉ ሲታደስ ጨምሩባት። ስትወጣም ዋጋ ከመቀነስ ቆልፋችሁ አቆዩት። ይህን ሳይ ያንገበግበኛል፤ የተቆለፈ ሱቅ ለባለቤቱ ሳንቲም አያስገባም፣ የልጅቷ ጥሪት ግን ቀልጦ ቀርቷል።

ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ በሙሉ መስታወት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ተከራዩ በካርቶን ይጋርደዋል። ምድር ቤቱን መኪና ማቆሚያ ብላችሁ አስፈቅዱና ለመጋዘን አከራዩት፤ መኪናው አስፋልቱን ይዝጋ።

ከሁሉ በላይ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነጋዴውን አትጠይቁ። ከጠየቃችሁት ላይኛውን ፎቅ ለመኖሪያ፣ ታችኛውን ለትንንሽ ሱቅ አድርጉት፣ ከፈረሰው ሰፈር የወጣውም ሰው በሚችለው ኪራይ ተመልሶ ይግባበት ይላችኋል።