ጋቢና ከጋቢ በታች፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አደባባይ ስለሚፈቀደው ዝርክርክነት

በአደባባይ ተዝረክርኮ መታየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በሌላው አገር ከሸሚዝ ቁልፍ፣ ከሱሪ ቁመትና ከጫማ ቀለም ተነሥቶ የሚካሄድ ሲሆን፣ በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ገና ከመነሻው ይሰናከላል፤ ሸሚዙም ሱሪውም አይታይምና። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ጉና ብርዱን ቁልቁል ስለሚለቀው፣ የላይ ጋይንት ዋና ከተማም ንፋስ መውጫ የተባለችው ለጌጥ ስላልሆነ፣ የደጋው ሰው ከአንገቱ እስከ ቅልጥሙ ጋቢ ውስጥ ይውላል። ጋቢ ማለት ከጥጥ ፈትል ተሸምኖ አራት እጥፍ የሚደረብ ልብስ ነው፤ ሁለት እጥፍ ከሆነው ከነጠላ የሚለየውም በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ደብቆ በሚያኖረው ጉድ ብዛት ጭምር ነው።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሰው የሚመዘነው በለበሰው ሳይሆን በአለባበሱ፣ በተለይም በጋቢው ጫፍ አኳኋን ነው። ይህ ጥናት አምስት አኳኋኖችን መዝግቧል። የመጀመሪያው ማደግደግ ሲሆን፣ ይኸውም በመኳንንቱ ዘመን ከበላይ ፊት የቀረበ ሰው ልብሱን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ የሚያስርበት የአክብሮት ሥርዓት ነው፤ መኳንንቱ ከሄዱ በኋላ ወደ ሠርግ አስተናጋጆች ተዛውሯል። ሁለተኛው ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ማጣፋት፣ ሦስተኛው ለለቅሶ ጥለቱን መዘቅዘቅ፣ አራተኛው ለጸሐይም ለዝናብም መከናነብ ነው። አምስተኛው መጀቦን ነው፤ የተጀቦነ ሰው እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ዓይኑን ብቻ ስለሚያስቀር፣ ሰላምታ የሚሰጠው በቅንድቡ፣ የሚቀበለውም በዚያው ነው። አምስቱም የተፈቀዱ ናቸው። ነውር ተብሎ የተለየው አንድ ነገር ብቻ፣ የጋቢን ዘርፍ መሬት ላይ መጎተት ነው፤ ይህ በደረሰ ጊዜ ማንም መንገደኛ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ «ጋቢህ ተጎተተ» የማለት ሥልጣን አለው፣ የተነገረውም ሰው ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጥፋተኛ እየሰበሰበ ያመሰግናል።

የታሪክ ማስረጃም አይጠፋም። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ሲሆን፣ በዘመኑ ያዩዋቸው አውሮፓውያን ንጉሡ ለአለባበስ የማይጨነቁ፣ ብዙ ጊዜም ከተራ ወታደር የማይለዩ እንደነበሩ ጽፈዋል። በጋይንት መንገድ ላይ አንድን ዝርክርክ ሰው ገላምጦ ማለፍ እንግዲህ ከጥንትም አደገኛ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ዛሬ የሚያሳየው ትዕግሥት ከዚህ ጥንቃቄ የተወረሰ ነው ቢባል የሚቃወም ማስረጃ አልተገኘም።

ለባሾችን በምድብ መከፋፈል የማንኛውም ጥናት ግዴታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ምድብ ገበሬው ነው። ቁምጣው ለጭቃው፣ ፎጣው ለላቡ፣ ዱላው ለውሻው፣ ኮንጎ ጫማው ለእሾሁ ስለሆነ፣ ያለ ሥራ የተንጠለጠለ ነገር ሰውነቱ ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ዝርክርክ ሊባል አይችልም፣ ምድቡም እዚህ ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው ምድብ የከተማ ሴቶች ናቸው። በቢጃማ ወደ ሱቅ የወጣች ሴት በደንቡ ትወቀሳለች፤ ነገር ግን ነጠላ ጣል ካደረገችበት ያው ቢጃማ ቀሚስ ሆኖ ይቆጠራል፣ ወቀሳውም ወደ ሌላ ሰው ይዞራል።

ሦስተኛው ምድብ ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። ይህም በጥናቱ «የእዚችው ለባሽ» ተብሎ የተሰየመው ሲሆን፣ ማንም አያየኝም ብሎ አምኖ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ «እዚችው ድረስ» ብሎ በማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ወንድ ማለት ነው። ከላይ ጋቢ፣ ከታች ጉልበቱ ያበጠ ቱታ፣ ከዚያ በታች ካልሲ፣ ከካልሲው በታች ነጠላ ጫማ አለው። የነጠላ ጫማው ማንጠልጠያ በጣቶች መካከል የሚገባ፣ ካልሲው ግን ጣቶቹን ለመለየት ታስቦ ያልተሠራ በመሆኑ፣ ለባሹ ካልሲውን በኃይል እየሰነጠቀ ስለሚያስገባው እግሩ የግመል ኮቴ ይመስላል፤ አረማመዱም ከዚያው የመጣ፣ ተረከዝን ሳያነሱ መሬቱን የመሞረድ ዓይነት ነው። በካልሲ መውጣቱ ስለ ብርዱ ያሰበ መሆኑን፣ በነጠላ ጫማ መውጣቱ ግን አስቦ ያልጨረሰ መሆኑን ያሳያል።

የእዚችው ለባሽ በሄደበት ጉዳይ ይከፋፈላል፦ የዳቦ እዚችው፣ የካርድ እዚችው፣ የስኳር እዚችው፣ ያለ ጉዳይ የሚወጣ እዚችው። የካርዱ ዝርያ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ እየጠፋ ነው። የዳቦው ግን በብዛትም በጽናትም የሚታወቅ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ጉዞውን መከታተል ተገቢ ነው። ለባሹ ከደጃፉ እስከ ጉሊቷ ሱቅ ለመድረስ ይነሣል፤ ሱቋ ዳቦ ስለጨረሰች፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ወደሠሩት ወደ ወረታ–ወልድያ አውራ ጎዳና ይወጣል፤ እዚያ ዘመድ ያገኛል። በጋይንት ዘመድ ማግኘት ማለት ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ በየተራ ጠይቆ፣ ሁሉም ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ እንደገና ከልጆች መጀመር ነው። ሰላምታው ወደ ቡና ይመራል፤ ቡናው ላይ ቀበሌ ዛሬ ሰው አለ የሚል ወሬ ይሰማል፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ የማይሰማ ወሬ ስለሆነ ለባሹ እንዳለ ወደ ቀበሌ ያመራል። ከቀበሌ ክፍያ ፈጽመህ ና ተብሎ ወደ ባንክ ይላካል። በአንድ ጋቢ አምስት መሥሪያ ቤት ቢዞር የሚገላምጠው የለም፤ ሱፍ ለብሶ የሚጉላላው ባለጉዳይም ቢሆን ከእርሱ የተሻለ ወንበር አያገኝም።

በባንክ በር ላይ ግን ጋቢው ይገለጣል። በጋይንት ሰው ከጋቢ በታች ምን እንደሚለብስ በትክክል የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ የባንክ ጥበቃ ሲሆን፣ በየቀኑ «ጋሼ፣ ጋቢውን ገለጥ ያድርጉት» እያለ መሣሪያ ፍለጋ ሲፈትሽ የሚያገኘው ሌላ ነው፦ በሹራብ ላይ የተለበሰ የአርሰናል ማሊያ፣ በቀበቶ ፋንታ የታሰረ ሲባጎ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ቱታ፣ አንዳንዴም ሁለት ሱሪ፣ ሁለቱም ዚፕ የሌላቸው። ጥበቃው አይቶ ዝም ይላል፤ በሹመት ከፍ ያሉት ሰዎች የማሊያ ቁጥር ሳይቀር በእጁ እያለ ማሳለፉ ለምስጋና የሚያበቃው ነው።

ከባንክ ሲወጣ ለቅሶ ያጋጥመዋል። ጥለቱን ይዘቀዝቃል፤ በዚያች ቅጽበት ከሐዘንተኛው ሁሉ የተሟላ አለባበስ ያለው እርሱ ይሆናል፣ ነጠላ ጫማውም ሐዘን ያጎሳቆለው ሰው አስመስሎ ይቆጠርለታል። ከለቅሶው መልስ የተጣሉ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ይፈልጋሉ፤ ጋቢ የለበሰ፣ ዝምተኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልበላ ሰው ስለሚያስተዛዝን እርሱ ይመረጣል። በማታ ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ የምትጠይቀው ስለ ቀበሌውም፣ ስለ ሟቹም፣ ስለ እርቁም አይደለም። «ዳቦውስ?» ትላለች።

እዚህ ላይ ወጣቶችን በሚመለከት የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በተቀደደ ጂንስ ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሚገባን ተማሪ በሦስት ነገር ይቀበሉታል፦ እናቱ ማን እንደቀደደበት ትጠይቃለች፣ አክስቱ መርፌ ታመጣለች፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ጉልበቱን እያዩ ዘመኑን ይረግማሉ። የሽማግሌዎቹ የራሳቸው ጉልበት በአራት እጥፍ ጥጥ ሥር ስለሆነ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማንም አይጠይቅም፤ ይህ ፍትሕ እንዳልሆነ ጥናቱ በትሕትና ያመለክታል። ተማሪው ግን በሦስተኛው ቀን ብርዱን ሸሽቶ የአባቱን ጋቢ ስለሚለብስ፣ ቅዳዱም ከነፋሽኑ ስለሚሰወር፣ ክርክሩ ሳይፈታ ይረሳል።

ጥናቱ ከስማዳዋ ወገዳ አልፎ ወደ በሽሎ ቆላ ለመውረድም ሞክሮ ነበር። በዚያ ሙቀቱ ጋቢን ከትከሻ ላይ የተጣጠፈ ጓዝ ስለሚያደርገው ሰው የለበሰው ሁሉ ይታያል፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ለጥናቱ መላምት ስለማይመች ምርመራው ወደ ደጋ ተመልሷል።

አራተኛው ምድብ ለሥራ ከዞን የሚመጡ ሱፍ ለባሾች እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው እንግዳ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ንፋስ መውጫ በደረሰ ዕለት፣ ከአመሻሹ 12 ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ በከረባቱ ሥር ስለሚገባ፣ ለአልጋ ቤቱ ልጅ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ጋቢ ይኖራችሁ እንደሆነ ነው። በማግሥቱ ቁርስ ፍለጋ ሲወጣ ሱፉ በጋቢው ውስጥ ጠፍቶ፣ እግሩም በአልጋ ቤቱ ነጠላ ጫማ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም የግራ በሆኑ፣ ከነካልሲው ገብቶ ይታያል። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ምድብ ተዛውሯል፤ አምስተኛው ምድብም የሚገባበት ሰው ስላልተገኘ አልተጻፈም።