ጉዳዩ፦ አጥፍቶ ማብራትን ይመለከታል

ለኢንተርኔት አቅራቢያችን የደንበኞች የጥሪ ማዕከል
ባላችሁበት

የተከበራችሁ የማዕከሉ ባልደረቦች፣

የማስጠበቂያ ሙዚቃችሁን እስከ መጨረሻው ያዳመጥኩ ሰው ነኝና እናንተም ይህችን ደብዳቤ እስከ መጨረሻዋ እንደምታነቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጥቅስ ቢሯችሁ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሁሉም ሠራተኞቻችን ለጊዜው ተይዘዋል» እየተባለ የሚያረፍድ ንጉሥ ግን በታሪካችን ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኢንተርኔቱ በታመመ ቁጥር የምታዙለት መድኃኒት አንድ ነው፦ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት»። ሲንቀራፈፍ ይኸው፣ ማታ ማታ ሲጠፋ ይኸው፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ በኤክስካቫተር ሲበጠስም ይኸው። ምክሩን አልናቅኩትም። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሳያርፍ ሲሠራ ይሞቃል፣ ይጨናነቃል፤ ነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መሰካት አንዳንዴ በእርግጥ ይፈውሰዋል። ይሁንና ይህ አገልግሎት ለሰፈራችን ብርቅ አይደለም። መብራቱ ራሱ ሳንደውልለት፣ ሙዚቃም ሳያሰማን፣ ደጋግሞ ያጠፋልናል፣ ደጋግሞ ያበራልናል። ፈውሱ በማጥፋትና በማብራት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከዓለም ፈጣኑ ኢንተርኔት የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ነበር።

ራውተሩ እኮ ሕመሙን ይናገራል፤ ሰሚ አጣ እንጂ። ፊቱ ላይ ከተደረደሩት መብራቶች «ፖን» የሚባለው አረንጓዴ ሆኖ ከረጋ መስመሩ ከእናንተ መሣሪያ ጋር ተገናኝቷል። «ሎስ» የሚባለው ቀይ ከሆነ ደግሞ በፋይበሩ የሚላከው ብርሃን ቤቴ አልደረሰም። የተበጠሰ ክር ደግሞ ሶኬት በመንቀል አይቀጠልም። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ መሆኑን ለባልደረባችሁ በዝርዝር ባስረዳው በትዕግሥት አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ተረድቼዎታለሁ ጌታዬ፤ አሁን ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አለኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድም ቀን ያልጠየቃችሁኝ ጥያቄ ነው፦ «ላፕቶፕዎን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝተው ሞክረውታል?» ፈተናው ሕፃን የሚሠራው ነው። በገመድ በደንብ ከሠራ መስመሩ ደህና ነው፤ ጣጣው ዋይፋዩ ላይ ነው፣ ማለትም የእኔው ግድግዳና የእኔው ስልክ ላይ ነው። በገመድም እምቢ ካለ ነገሩ ወይ ራሱ ራውተሩ ነው፣ ወይ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው። ራውተሩን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ መስመሩም የእናንተ ነው። ይህን ፈተና ለምን እንደማታዙ ሳሰላስለው ከርሜ የደረስኩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛውን ይለያል። «አጥፍተው ያብሩት» ግን ማንንም አይወቅስም። ካልሠራም ጥፋቱ በሚገባ ያላጠፋው ደንበኛ ነው።

ስለ ቴክኒሻናችሁም ትንሽ ልበል። ትሁት ልጅ ነው፤ ቡና እንኳ በስንት ልመና ነው የጠጣው። ራውተሩን የተከለው ግን ከብረት በሩ ጀርባ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው፤ ገመዱ ያለቀው እዚያ ነበራ! ከዚያም እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት ቆሞ ፍጥነቱን በገዛ ስልኩ ለካና «አሪፍ ነው» ብሎ አስፈርሞኝ ሄደ። የቤታችን ግድግዳ ኮንክሪትና ፌሮ ነው። የዋይፋዩ ሞገድ ብረት ሲያጋጥመው ይመለሳል፤ ኮንክሪት ሲያጋጥመው ይደክማል። ከዋይፋዩ ሞገዶች ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ቀድሞ የሚደክም ነው። ስለዚህ ራውተር የሚቀመጠው ቤቱ መሃል፣ ከፍ ብሎ፣ ከብረትና ከትልቅ መስታወት ራቅ ብሎ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ተጨማሪ ገመድ ነበር። እሱ ስለተቆጠበ ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በሩ ሥር ተቀምጣ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደብተሯን ሰብስባ ትነሳለች።

ኢንተርኔቱ ማታ ማታ ለምን እንደሚብስበት ብጠይቅ «ፓኬጅዎን ያሳድጉ» ተባልኩ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ዋይፋይ ፈልግ ብዬ ስልኬን ሳዘው የሚደረድራቸው የጎረቤት ስሞች በጣት ተገፍተው አያልቁም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ ሊሠሩ የሚችሉት ቻናሎች ደግሞ 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ሦስት ብቻ። ብሎኩ ሙሉ አንዱ ቻናል ላይ ሲሰፍር አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ በአንዴ ስልክ እንደሚያወራ ይሆናል። ማይክሮዌቭም በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ወጥ ሲሞቅ ፊልሙ ቢንተፋተፍ አይገርምም። መፍትሔው ቻናሉን መቀየር ወይም ራውተሩ አጠገብ ያሉትን ስልኮች ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አያስከፍልም። ምናልባት የማይነገረን ለዚህ ይሆን? ፓኬጅ ካነሳን አይቀር፣ የምትሸጡልን «10 ሜጋ» ሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሰከንድ የሚወርድልኝ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። ማስታወቂያው ላይ 1.25 ይጻፍ አልልም፤ ትልቅ ቁጥር ለዓይን ያምራል።

አንድ ቀን ግን ከወትሮው የተለየ መድኃኒት ታዘዘልኝ። «ከጀርባው ባለች ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብተው አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙት» ተባልኩ፤ ያዝኩት። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ተመለሰ። የዋይፋዩ ስም ጠፋ፣ የይለፍ ቃሉ ጠፋ፤ ከሁሉ የከፋው መስመሩ የሚከፈትበት የተጠቃሚ ስምና የሚስጥር ቁጥርም አብሮ ጠፋ። ይህን የሚያውቀው ድርጅታችሁ ብቻ ነው። «እሱን በአካል ቀርበው ይውሰዱ» አላችሁኝ። መታወቂያዬንና ውሌን ይዤ፣ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ሠራተኛዋ በሐዘኔታ አየችኝና «ሲስተም የለም» አለችኝ። ኢንተርኔት ሻጩ ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔት የለም! አጥፍተው ያብሩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጨዋነት ያዘኝ።

እግረ መንገዴን፣ በብዙ ራውተሮች ላይ የማስተካከያው ገጽ 192.168.1.1 ብሎ በመጻፍ የሚከፈት፣ የተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም «አድሚን» የሆነ ነው። ቀይሩት ያለን የለም። ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ ቁልፉ ካልተለወጠ፣ የቤቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሚገባው ደግሞ ብዙ ነው፤ ቡና ጠርቶ ፓስወርድ መከልከል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ለዚህም ብዙ ራውተሮች «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚባል የተለየ በር አላቸው፤ እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ጓዳ አይገባም። እኔ ይህን ያወቅኩት ከአንድ የኮሌጅ ተማሪ ነው።

እናም የምጠይቀው አዲስ ሳተላይት አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ገጽ የአማርኛ ወረቀት ጨምሩ። የመብራቶቹን ትርጉም፣ የማስተካከያውን ገጽ አድራሻ፣ ራውተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የገመዱን ፈተና ጻፉባት። የመስመሬን የተጠቃሚ ስምና የሚስጥር ቁጥር ውሉን ስፈርም በታሸገ ፖስታ ስጡኝ፤ የእኔ ነውና። ለቴክኒሻኑ ጥቂት ሜትር ገመድ ጨምሩለት። የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛም ከማንኛውም ትእዛዝ በፊት «ቀዩ መብራት በርቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በርቷል ከተባለ ሰው ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
ራውተሩን አጥፍቶ ያበራ ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቶቻችን፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፣ የእንግዳውን ለቡና ስትመጡ እሰጣችኋለሁ።