የስፔንን ቶርቲያ ማበላሸት ለሚፈልግ ሰው

ቶርቲያ ለማበላሸት ከሁሉ የሚቀድመው ችኮላ ነው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ፣ ልጆች ራበን እያሉ፣ 20 ደቂቃ ብቻ ሲቀራችሁ ጀምሩት። ስፔኖች በየቤቱና በየቡና ቤቱ የሚበሉት ይህ ወፍራም ኦምሌት ድንች፣ እንቁላል፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነው፤ ብዙዎች ሽንኩርት ይጨምሩበታል። በርበሬ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ቅመም የለው። ጥፋት የሚሸሸግበት ቦታ ስለሌለው የቸኮለ እጅ በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል።

ድንቹን ስትከትፉ አትጨነቁ። አንዱን የጣት ውፍረት፣ ሌላውን ስስ አድርጉት። ስሱ ፈርሶ ሲያልቅ ወፍራሙ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ሙያ ያለው ስፔናዊ ድንቹን ለሁለት ይሰነጥቅና ከጥቂት ሚሊሜትር በማይበልጥ ውፍረት፣ ሁሉንም እኩል አድርጎ ይከትፈዋል።

ዘይቱ ላይ ግን ጠንክራችሁ ሥሩ፤ ቶርቲያ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ድንቹን ጨምሩበት። ወዲያው ይንጫጫል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ውጩ ይደርቃል፣ ውስጡ አይበስልም። በእጃችሁ የገባው ችብስ ነው፤ የደረቀ ችብስ ደግሞ እንቁላሉን በቀላሉ አይጠጣም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ድንቹን ሊሸፍን የደረሰ ዘይት ያፈሳል፣ ጨው ይነሰንሳል፣ እሳቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በድንቹ ዙሪያ ትንንሽ አረፋ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቡናማ መሆን የለበትም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው አንዱን ቁራጭ በማንኪያ ጠርዝ ጫን ሲሉት ያለ ትግል ለሁለት ይከፈላል። ያን ጊዜ ደርሷል።

ያ ሁሉ ዘይት ይባክናል የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ የወይራ ዘይት በብዙ ቤት የሚደፈር ነገር አይደለም። ግን አይባክንም። ድንቹ በወንፊት ሲጠለል ዘይቱ ተመልሶ ይገኛል፤ ተጣርቶ በጠርሙስ ይቀመጥና ለሌላ ቀን ይሆናል። ስፔን ውስጥም በሱፍ ዘይት የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ዘይቱን እንደ አቅማችሁ ቀይሩ፤ እሳቱን ግን ዝቅ አድርጉ።

ሽንኩርቱን ጥሬውን እንቁላሉ ላይ በትኑት። በሽንኩርት ይሁን ያለ ሽንኩርት የሚለው ክርክር ስፔናውያንን ለሁለት ከፍሏል። እኔ ሽንኩርት ካለበት ወገን ነኝ፤ ከድንቹ ጋር በዝግታ ሲበስል የሚሰጠውን ጣፋጭነት ሌላ ነገር አይተካውም። ጥሬው ግን ለየትኛውም ወገን አይሆንም።

ቀጥሎ ድንቹን ሳታጠልሉ፣ ከነሚፈላ ዘይቱ በተመታው እንቁላል ላይ ገልብጡት። እንቁላሉ ገና ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ እያለ ተቆራርጦ ይረጋል፤ መጥበሻ ላይ ሲደርስ የሚያያይዘው ነገር አያገኝም። መሆን የሚገባው ድንቹ ተጠልሎ፣ ትንሽ በረድ ብሎ፣ ከእንቁላሉ ጋር 10 ወይም 15 ደቂቃ አብሮ እንዲቆይ ነው። በዚያ ጊዜ ድንቹ እንቁላሉን ይጠጣል፤ ሁለቱ አንድ ምግብ ይሆናሉ። ስመ ጥሩው የካታሎኒያ ሼፍ ፌራን አድሪያ ከሱቅ በሚገዛ የታሸገ የድንች ችብስ ቶርቲያ ስለሚሠራ፣ አቋራጭ ፈላጊዎች ስሙን ይጠሩታል። እሱም ቢሆን ችብሱን እንቁላሉ ውስጥ ነክሮ እስኪለሰልስ ይጠብቃል።

ምግቡን ናቁት። የድንችና የእንቁላል ነገር፣ የድሃ እራት ነው በሉት። ድንች ከአንዲስ ተራሮች ወደ ስፔን የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ወደ ገበታ እስኪወጣ ግን ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1817 ናቫራ ውስጥ ስለ ገበሬዎች ችግር የተጻፈ አቤቱታ፣ ሴቶቻቸው ሁለት ሦስት እንቁላል ከድንችና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ቀላቅለው ለአምስት ስድስት ሰው የሚበቃ ትልቅና ወፍራም ኦምሌት እንደሚሠሩ ይናገራል። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በመጣው የረሃብ ዘመን ደግሞ ድንቹም እንቁላሉም ጠፋ። ኢግናሲ ዶሜኔክ የተባለው የምግብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ ያለ ድንችና ያለ እንቁላል የሚሠራ ቶርቲያ አስፍሯል፦ በድንቹ ፈንታ ከብርቱካን ልጣጭ ሥር ያለው ነጩ ተዘፍዝፎ፣ በእንቁላሉ ፈንታ ዱቄት በውሃና በቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ። የራበው ሕዝብ ማስመሰያውን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሠራ፣ ድንቹም እንቁላሉም በእጁ ያለ ሰው እሳት መቀነስ አቅቶት ሲያበላሸው ያሳዝነኛል።

አሁን መገልበጡ ላይ ደረስን። ከመጥበሻው አፍ የሚያንስ ሳህን ምረጡ። ታችኛው ገጽ መጣበቅ አለመጣበቁን አትዩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርሱ ፈርታችሁ ቁሙ፤ ግማሹ ሳህን ላይ፣ ግማሹ ምድጃ ላይ ይቀራል። የሚሳካለት ሰው የማያጣብቅ መጥበሻ ይይዛል፤ ቶርቲያው ሲነቀነቅ ባንድነት መንሸራተቱን ያረጋግጣል። ከዚያ ሰፊ ዝርግ ሳህን ይከድንበትና መዳፉን ሳህኑ ጀርባ ላይ አጥብቆ፣ በሌላው እጁ እጀታውን ይዞ፣ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይገለብጠዋል። የሚፈሰው እንቁላል ትኩስ ስለሆነ እጅን በጨርቅ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከሳህኑ ወደ መጥበሻው ካንሸራተተው በኋላ ጠርዙን በማንኪያ ወደ ታች እያጠፈ ያስገባዋል፤ ያ ክብ ጠርዝ የሚገኘው በዚህ ነው።

በመጨረሻም እሳት ላይ እርሱት። መሃሉ እስኪደርቅ፣ ሲቆርጡት እስኪፈረፈር ይቆይ። ጋሊሲያ ውስጥ ቤታንሶስ የምትባል ከተማ ያለ ሽንኩርት በሚሠራና መሃሉ እንደ ፈሰሰ በሚቀርብ ቶርቲያ ትታወቃለች፤ አብዛኛው ስፔናዊ ግን ረጋ ብሎ እርጥበቱን ያልለቀቀውን ይወዳል። እዚህ ላይ ጤናን ማስቀደም ግድ ነው። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ መርጋት አለበት። ይህ ማለት ግን ማድረቅ አይደለም፤ መሃሉ እንደረጋ ወዲያው ይውጣ። ከእሳት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ለመቁረጥም ይመቻል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ማታ መብላት ደግሞ ከምግቡ አልፎ በላተኛውን የሚጎዳ ስለሆነ፣ ይሄኛውን ለማበላሸትም ቢሆን አትሞክሩት፤ የተረፈው ፍሪጅ ይግባ።

ሳታበላሹ ልትሠሩት ካሰባችሁ ለ24 ሴንቲሜትር መጥበሻ 600 ግራም ድንች፣ 6 እንቁላልና አንድ ሽንኩርት ይበቃል። ለመጀመሪያው ቀን ግን መጠኑን በግማሽ ቀንሱና ትንሽ መጥበሻ ያዙ፤ መገልበጡ ይቀላችኋል።