የሉቃስ ዘመን ቤዝ

የተወለድኩበትን ዓመት የሚናገሩ ሦስት ወረቀቶች አሉኝ፤ ሦስቱም አይተዋወቁም። አንደኛው ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን የሞላሁት ነው። ዓመቱን የቀዳሁት አጠገቤ ከተቀመጠው ልጅ ላይ ሲሆን፣ ሒሳቡንም ከእሱ እቀዳ ስለነበር አልጠረጠርኩትም። ሁለተኛው መታወቂያዬ ነው፤ «ስንት ልበል?» ስባል «እንዳየኸኝ» ብዬ ያወጣሁት። ሦስተኛው ላይ የእኛው ዓመተ ምሕረት እንዳለ የፈረንጅ ተደርጎ ገብቷል። በዚያ ወረቀት ስምንት ዓመት አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴ ግን ገና አልሰማም።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ የአንዲትን ቤዝ ጊታር ልደት እስከ ወሯ ካላወቅሁ ብዬ ሦስት ወር እንቅልፍ ያጣሁት።

ስለ እኔ ዋናዋ ምስክር ስማዳ፣ ወገዳ ያለችው እናቴ ናት። ስትጠየቅ መልሷ ተለውጦ አያውቅም፤ «ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስተኛዋ ቀን ላይ፣ የአጎትህ ቀኝ በሬ ገደል የገባ ዓመት።» ሦስት ማስረጃ ይመስላል እንጂ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነውና። ሉቃስ ደግሞ በአራት ዓመቱ እየዞረ ይመጣል። 1967 ሉቃስ ነው፤ 1971ም፣ 1975ም። የ77ቱን ክፉ ቀን ከብት እየጠበቅሁ ማለፌን ራሴ ስለማስታውስ 1975 ወደቀች። ቀሪዎቹን ሁለቱን ይለይልኛል ያልኩት በሬው ነበር። ዳሩ ግን ስማዳ ገደል ያጣ አገር አይደለም፤ አጎቴም በሬ የገደለባቸው አንድ ሉቃስ ብቻ አይደለም።

ቤዟን ያገኘኋት አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ ቤዝ ሁሉ፣ ሻጩን ካመንከው፣ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተበት ነው፤ አሮጌ ጊታር ሁሉ ደግሞ የሰላም ሥዩም። ሁለቱ ሰዎች በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የሠሩትን ሥራ የማያከብር የለም፤ ግን በዚያ ሁሉ መሣሪያ ተጫውተው ከነበረ፣ በአንድ ዘፈን መሃል ሦስት ጊዜ መሣሪያ እየቀየሩ መሆን አለበት። የእኔም ሻጭ ይህንኑ ነገረኝና፣ ለማረጋገጫ የቤዟን ራስ ወደ ብርሃን አዞረ። ፌንደር የሚለው ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ «ኤስ 7» ብሎ የሚጀምር ቁጥር።

«የስልሳ ዘጠኝ ናት» አለኝ።

«ሰባት እኮ ነው የሚለው!»

«በነሱ ሰባ ሰባት ነው፤ በእኛ ስልሳ ዘጠኝ።»

ሒሳቡ ልክ ነበር። ውሸት የለበትም፤ ግን «የስልሳ ዘጠኝ ፌንደር» ሲባል የሰማ ሁሉ በልቡ የሚያስበው የነሱን ስልሳ ዘጠኝ ነው። ስምንት ዓመት ዕድሜ በነፃ ተጨመረላት። በእኔ ወረቀት ላይ የደረሰው ስህተት በእሷ ላይ ሲደርስ ዋጋ ሆነ። ሰው ለሥራ፣ ለሩጫ፣ ለትዳር ዕድሜውን ይቀንሳል፤ ጊታር ነው የሚጨምረው። ፌንደር የሚባለው ኩባንያ በፈረንጅ 1965 መጀመሪያ ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ ወዲህ ደግሞ፣ ከሽያጩ በፊት የተሠራው ሁሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ ታቦት ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ እንጀራ ልጅ ይታያል። (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ስለ ጊታር ከሆነ የፈረንጅ፣ ስለ እኔ ከሆነ የእኛ ነው። ሻጬ እንዲህ ብሎ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር።)

ገዝቻት ቤት ስገባ ነው ቁጥር ማንበብ የሚባለው በሽታ የያዘኝ። ፌንደር መጀመሪያ ቁጥሩን ጅማቶቹ የሚያርፉበት ብረት ላይ ይመታ ነበር፤ ቀጥሎ ከኋላ አንገቱ ከገላው ጋር በአራት ብሎን የሚታሰርበት ሳህን ላይ ወረደ፤ በ1976 ደግሞ ወደ ራስ ወጣ። ያኔ ኤስ ሰባዎቹን፣ ኢ ሰማንያዎቹን፣ ኤን ዘጠናዎቹን ይወክላል፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዓመቱን። ግልጽ ነው ስትል፣ በ1990 የታተመው የመጀመሪያ ማኅተም በስህተት «ኤን 9» ተብሎ ወጣ፤ የ1990 ጊታሮች የ1999 መስለው ወደ ዓለም ተበተኑ። የታይፕ ስህተት ስማዳ ብቻ ነው ያለው እንዴት ትላለህ?

አይባኔዝ የሚባሉት ጃፓኖች ከሰባዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሥርዓት ነበራቸው፤ ፊደሉ ወሩን፣ ሁለቱ አኃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር። ሥራ ቀላል ስለሚያደርጉ ብዙ አልወደድኳቸውም።

ልቤን የወሰደው ጊብሰን ነው። ይህ ድርጅት በስልሳዎቹ የመታቸውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥሮች በሰባዎቹ መጀመሪያ ምንም እንዳልተፈጠረ ደግሞ መታቸው። አንድ ቁጥር ሁለት ዘመን ማለት ነው፤ ያው የእናቴ ሉቃስ። የሰባዎቹን የሚለየው ከቁጥሩ ጋር «አሜሪካ የተሠራ» የሚል መመታቱ ነው። ከ1977 ጀምሮ ግን ጊብሰን ንስሐ ገብቶ ስምንት አኃዝ አወጣ፤ አንደኛውና አምስተኛው ዓመቱን፣ በመካከል ያሉት ሦስቱ የዓመቱን ስንተኛ ቀን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ተራውን ይነግራሉ፤ ያኔ ተራው ከ500 በታች ከሆነ ካላማዙ፣ ከ500 ጀምሮ ከሆነ ናሽቪል ነበር የሚሠራው።

እስቲ 72549510 የሚል ቁጥር እንውሰድ። ዓመቱ 79፣ ቀኑ 254ኛ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1979። በእኛ? ጳጉሜ 6 ቀን 1971! ከወንበሬ ተነሣሁ። በዚያ ቀን ናሽቪል ውስጥ የተመታ ጊታር ልደቱን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ በዚያው ቀን ወገዳ የተወለደ ልጅ ግን በሬ ይጠይቃል። ወዲያው ደግሞ ሌላው ሉቃስ ትዝ አለኝ፤ 1967 ከሆነስ የተወለድኩት? ያ በነሱ 1975 ነው፤ በዚያ ዓመት ጊብሰን «99» ብሎ ዓመቱን ብቻ በምሥጢር ይጠቁም ነበር እንጂ ቀን አይጽፍም። እናቴም አልጻፈችም።

ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ወደ ወገዳ ስወርድ ቤዟን ይዤ ወረድኩ፤ ለመጫወት ሳይሆን ለመታየት። አምፕሊፋየር አልያዝኩም። እናቴ ፊት አውጥቼ ስገርፋት የወጣው ድምፅ በቅል ውስጥ የገባች ንብ ያህል ነበር።

«ስንት ገዛሃት?» አለች።

በግማሽ ቀንሼ ነገርኳት።

«በሁለት ጥንድ በሬ ብር ትንሾካሾካለች?»

ከሰርጉ የመጣው አዝማሪ አዘነልኝ መሰል መሰንቆውን አጠገቤ አስቀመጠ። «መሰንቆህ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት፤ በሽታው አለቀቀኝም። «ጭራውን ትናንት ለወጥሁት፤ ቆዳው የዘንድሮ ፍየል ነው፤ እንጨቱ የአባቴ» አለ። «ታዲያ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ስደግም፣ ገንዘብ ልበደር የመጣሁ ያህል በትዕግሥት አየኝና ደጋኑን አነሣ።

የነገሩ መጨረሻ የጀመረው አጎቴ ሲገቡ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን በከብት ገበያ የፈጁ ሰው ናቸው። ስለ ኤስ ሰባት፣ ስለ ስልሳ ዘጠኝ፣ ስለ ሲቢኤስ አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙና «ጥርሷን አይተሃል?» አሉኝ።

«ቁጥሯን አይቻለሁ።»

«ቁጥር የት ነው የተጻፈው?»

«ራሷ ላይ።»

«እሱማ ቀንድ ነው። ቀንድ ይሞረዳል። በቅሎ የሚገዛ ሰው አፍ ይከፍታል፤ አንተ ግንባር አንብበህ መጣህ።»

ክርክሩን ለመዝጋት ስል ብቻ ካቻቢቴ ተፈለገ፤ የተገኘው ሬዲዮ ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ነው። ይህ ቢሆን አያስገርምም፤ ሊዮ ፌንደርም ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ አንገቱን በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በብሎን ያሰረው ሲበላሽ ተፈትቶ በሌላ እንዲለወጥ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ የሚፈታ ነገር ምሥጢር እንደማይጠብቅ ነው።

መጀመሪያ የመቆጣጠሪያዎቹን ክዳን ከፈትን። የድምፅ ማስተካከያዋ ጀርባ ላይ 1379508 ተመትቷል። ይህን ማንበብ አውቅ ነበር፤ 137 ሲቲኤስ የሚባል አምራች ነው፤ 95 ዓመቱ፣ 08 የዓመቱ ስምንተኛ ሳምንት። ላብ አሰመጠኝ። እርግጥ ነው፣ ይህ ዕቃ ይለወጣል፤ ዋናው አካል አርጅቶ ዕቃው አዲስ ሊሆን ይችላል ብዬ ለአጎቴ አስረዳሁ። «የተቀየረ ጥርስ አለ እያልክ ነው» አሉ።

አራቱን ብሎኖች ፈታን። አንገቷ ከገላዋ ተላቀቀ። ማንም ያያል ተብሎ በማይታሰብበት የአንገቷ ተረከዝ ላይ በማኅተም ሜይ 12 1995 ይላል። እንጨቱም ዕቃውም ተስማሙ። ኤስ 7 የሚለው ራሷ ላይ የተለጠፈ ማኅተም ብቻ ነበር፤ ማኅተም ደግሞ ይሸጣል። ሻጬ 18 ዓመት ለጥፎባት፣ ካሌንደሩ ደግሞ ስምንት ጨምሮላት ሃያ ስድስት ዓመት ጉልበቷ ላይ ተሸክማ ኖሯል የመጣችው።

አጎቴ ምንም አላሉም። በገበያ ዕድሜያቸው ብዙ ሰው እንደ እኔ ሲሆን አይተዋል መሰለኝ፣ ጠላ እንዲቀዳልኝ ብቻ አመለከቱ።

ሐዘኔን ያዩት መሪጌታ ግን ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። ለሰርጉ ተጠርተው ጥግ ተቀምጠው ነበር። «ሜይ 12 ምን ቀን ነው በእኛ?» አሉ። «ግንቦት 4 ቀን 1987» አልኩ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ጣቱን ሲያጥፍ ማየት ደስ ይላል። አምስት ሺህ አምስት መቶውን ጨመሩበት፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት አደረጉት፣ ለአራት ገደፉት፣ ሦስት ተረፈ።

«ሉቃስ!» አሉ።

ቤቱ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ሉቃስ ናት?»

«ሉቃስ ናት። ቀኑም ዓርብ ነው። ግን ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 15 ስለዋለ ግንቦት 4 በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው። ጾም የለባትም፤ በፍስክ ነው የተወለደችው።»

«ለዚያ ነዋ ገላዋ የደነደነው» አለች እናቴ፤ ቤዟን ከዚያች ሰዓት ወዲህ በሌላ ዓይን ታያት ጀመር። «እንግዲያው ታናሽህ ናታ! ምን ያስከፋሃል?»

ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሻማሁ። «መሪጌታ፣ ለእሷ ካወጡላት ለእኔም ያውጡልኝ። ጳጉሜ ስድስት ነው፣ ሉቃስ ነው፤ ወይ 1967 ነኝ ወይ 1971።»

እንደገና ጣታቸውን አጠፉ። ረዘመ። «የ67ቱ ጳጉሜ ስድስት ሐሙስ ነው የዋለ» አሉ በመጨረሻ፤ «የ71ዱ ማክሰኞ። አሁን ቀላል ነው፤ እናቱን መጠየቅ ነው።» ወደ እናቴ ዞሩ። «እመት፣ ማክሰኞ ነበር ወይስ ሐሙስ?»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። አጎቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። አርባ ምናምን ዓመት ያልታወቀው ነገር በአንድ ቃል ሊፈታ ነው።

«ቀኑን?» አለች እናቴ። «ሌሊቱን ሳምጥ አድሬ ማክሰኞና ሐሙስ ልለይላችሁ? ዝናቡን ነው የማስታውሰው።»

ይህን ብላ፣ አንገቷ የተፈታውን ቤዝ ከነብሎኗ በጋቢዬ ጠቀለለችና ጭስ እንዳይነካት መደቡ ላይ አስተኛቻት።