ከቆመበት ሲነሣ

መኪናዬ ይንቀጠቀጣል። በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 70 ማይል ሲጓዝ በውስጡ ማኅሌት ቢቆም የማይረብሽ፣ ነገር ግን ቀይ መብራት ላይ ቆይቶ አረንጓዴው በበራና ነዳጅ በተረገጠ ጊዜ፣ ከ5 ማይል ጀምሮ 20 ማይል እስኪደርስ ድረስ ከወንበሩ ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል እስከ መንጋጋ የሚዘልቅ ርደት የሚያድርበት፣ ባለ አራት በር፣ ባለ ናፍጣ ሞተር ትልቅ ፒካፕ ነው። ከ20 ማይል በላይ እንከን የለበትም። የኮሎራዶዋ አውሮራ ግን በየማዕዘኑ የመቆሚያ ምልክት የተተከለባት ከተማ ስለሆነች፣ የእኔ ኑሮ በአመዛኙ ከ20 ማይል በታች ነው።

ነገሩ ኢምንት መሆኑን አላጣሁትም። መኪናው ይሄዳል፣ ይጭናል፣ ይቆማል፤ በዓለም ላይ ጦርነትና ረኀብ እያለ ሰው ስለ አንድ መኪና ርደት እንቅልፍ ማጣት አይገባውም የሚል ቢኖር ክርክር የለኝም፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍ ሲሄድ የሚሄድበትን ምክንያት አስቀድሞ ለምክር አያቀርብም።

የአገራችን ሰው በአሜሪካ ምድር ወይ ታክሲ ያልነዳ፣ ወይ በ18 ጎማ ከባድ መኪና ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ ያልተመላለሰ ጥቂት ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ላይ ስለ መኪና ብያኔ የማይሰጥ ምእመን አይገኝም። ሕመሙን ተናግሬ ሳልጨርስ ትርጓሜው እንደ አንድምታ ይወርዳል፦ አንድም ጎማው ባላንስ አልተደረገም፤ አንድም ክሮቼራው ተበልቷል፤ አንድም የካምቢዮው ዘይት አርጅቷል፤ አንድም፣ ይህ የአንድ ወጣት ዲያቆን ነው፣ የሰው ዓይን አግኝቶታል። የአንድምታ ሊቃውንት ግን ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ከመደረባቸው በፊት ንባቡን ያነባሉ፤ እነዚህ ወንድሞቼ ንባቡን ሳይሰሙ በቀጥታ ወደ ምስጢሩ ስለሚገቡ፣ «ጋሼ፣ በስንት ማይል ላይ ነው? ነዳጅ ሲረግጡ ነው ወይስ ሲለቁ?» ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ግን በዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው። ሚዛኑን የሳተ ጎማ የሚወልደው ኃይል በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ በ60 ማይል ላይ መሪውን የሚያንቀጠቅጥ ጉድለት በ15 ማይል ላይ ኃይሉ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ስለሚሆን፣ በ15 ማይል የሚንቀጠቀጥና በ60 ማይል ጸጥ የሚል መኪና ጎማውን መክሰስ በሐሰት መክሰስ ነው። ቁጥር የሚወድ አንባቢ እንዲህ ያስላው፦ በ15 ማይል ላይ የዚህ ዓይነት መኪና ጎማ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 3.73 ለ1 ከሆነ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ከ9 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የዘንጉ መጋጠሚያ የሆነው ክሮቼራ ደግሞ ታጥፎ ሲዞር በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚፈጥንና ሁለት ጊዜ ስለሚዘገይ፣ በየሴኮንዱ 19 ያህል ርግብግቢት ይወጣል። ይህንን አኃዝ መንጋጋዬ ያለ መሣሪያ ያውቀዋል።

ሁለት ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘን ሲታጠፉ አንዱ ያጣመመውን ሌላው ያቀናዋል፤ የጥበቡ መሠረትም ይኸው ነው። በረጅም ፒካፕ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ መካከሉ ላይ በጎማ በተያዘ ኩሽኔታ ይንጠለጠላል፤ ነዳጅ በተረገጠ ጊዜ በአንደኛ ማርሽ የበዛው ጉልበት የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣል፣ ባሌስትራው ይጣመማል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የተለካው ማዕዘን በተነሣበት ቅጽበት ሌላ ይሆናል፣ የመሐሉም ኩሽኔታ በጎማ መያዣው ውስጥ ይዘላል። እንግዲህ ሕመሙ የፍጥነት ሳይሆን የጉልበት ነው፤ መኪናው በዚያው ፍጥነት እየተንከባለለ ሳለ ካምቢዮውን ነፃ ቢያደርጉት ርደቱ ወዲያው ይጠፋል።

ይህ የዘንግ መጋጠሚያ በስሙ የሚጠራበት ጂሮላሞ ካርዳኖ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1501 በፓቪያ ተወልዶ በ1576 በሮም የሞተ፣ ሐኪም፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ኮከብ ቆጣሪና ቁማርተኛ ነበር። በቁማሩ ብዙ ጊዜ ስላጠፋ ስለ ዳይስ ጨዋታ ዕድል መጽሐፍ ጽፏል፤ የታተመው ግን ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1663 ነው። በ1539 ታርታልያ የተባለ የሒሳብ ሰው አንድ የስሌት ምስጢር በመሐላ አስይዞ ነገረው፤ በኋላ ግን ያንኑ ምስጢር ከታርታልያ በፊት ሌላ ሰው ደርሶበት እንደ ነበር ስላወቀ፣ ያለ ንስሓ አባት ራሱን ከመሐላው ፈትቶ በ1545 አሳተመው። በ1552 ስኮትላንድ ድረስ ተጉዞ አስም የያዘውን የሴንት አንድሩስን ሊቀ ጳጳስ አከመ፤ ምን እንደሚበላና በምን ላይ እንደሚተኛ ጠይቆ፣ የላባውን መኝታ አስወገደለት፤ ሊቀ ጳጳሱም ተሻለው። በ1560 የበኵር ልጁ ሚስቱን በመርዝ ገድለሃል ተብሎ በሞት ተቀጣ። በ1570 ራሱ በመናፍቅነት ተከሶ ታሰረ፤ ከበደሉም አንዱ የጌታን ልደት በኮከብ መቁጠሩ ነበር ይባላል። ይህን ሁሉ የማወራው መጋጠሚያውን እርሱ ስለ ሠራው አይደለም፤ አልሠራውምና። ዕቃን በቀለበት ውስጥ የማንጠልጠል ጥበብ ከእርሱ በፊት በጥንት ግሪኮች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ዘንግ የሚያዞረውን መጋጠሚያም በ1670ዎቹ ለፀሐይ መመልከቻ መሣሪያ ሲል የገለጸው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። የማወራው ስለ ላባው ነው። ቁማርተኛው፣ መሐላ አፍራሹ፣ ኮከብ ቆጣሪው ካርዳኖ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የበሽተኛውን ትራስ ጠየቀ።

ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ሰውዬው መኪናዬን ሳይነዳው አራቱን ጎማ ባላንስ አድርጎ ሒሳብ አቀረበልኝ፤ ርደቱ እንዳለ መሆኑን ባሳየሁት ጊዜም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከወንበሩ ጋር አብሮ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጠባዩ ነው፤ እነዚህ መኪናዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው» አለኝ። ጠባዩ ነው! ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጣኝ ቃል በአንድም ቋንቋ አልሰማሁም። ለዚህ ፈሊጥ ምስጋና ይግባውና ስንፍና ከሰው ትከሻ ወርዶ ወደ ሥነ ፍጥረት ሕግ ከፍ ይላል፤ የቀጠነ ፍሬን ጠባይ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ጠባይ፣ ያልተመለሰ ደብዳቤም ጠባይ ይሆናል፤ ከሥሩ የሚገባ፣ በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን የማዕዘን መለኪያ በዘንጉ ላይ የሚያሳርፍ፣ የሚያነበውንም በወረቀት የሚጽፍ ሰው ግን አይገኝም። ጠባይስ የሰው ነው፤ ብረት ያለው ማዕዘን ነው።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ለሰውዬው ጥቂት ራራሁለት። በዚህ አገር ጋራዦች ብዙው መካኒክ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ በተወሰነለት ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ ጎማ ባላንስ ያደረገበት ጊዜ ደመወዝ ሲኖረው፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ያሰበበት ጊዜ የለውም። ሊቀ ጳጳሱም ለካርዳኖ የከፈለው በቁራጭ ሥራ ቢሆን ኖሮ ላባው እንዳለ ይቀር ነበር ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ለጊዜው የአሸዋ ከረጢት ጭኛለሁ። ከኋላ ክብደት ሲያርፍበት ባሌስትራው ዝቅ ስለሚል ማዕዘኑም አብሮ ይለወጣል፤ ርደቱም በአብዛኛው ይተወዋል። በኮሎራዶ ክረምት ሰው ሁሉ በረዶ እንዳያንሸራትተው በፒካፑ ላይ አሸዋ ስለሚጭን በታኅሣሥ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ በሐምሌ ግን ባለቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ምን በረዶ መጥቶ ነው?» ማለት ጀምራለች። ለአሸዋው የሚወጣው ነዳጅ ደግሞ ለብቻው ሒሳብ ነው።

የመሐሉን ኩሽኔታ ከበላዩ ስስ ብረት አስገብተው ዝቅ የሚያደርጉት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ማዕዘኑ ለመነሻው ሲስተካከል ለአውራ ጎዳናው ሊበላሽ ስለሚችል፣ አሁን የሌለብኝን የ70 ማይል ርደት በገንዘቤ መግዛት ያሰጋኛል። ከአንባቢዎቼ መካከል ረጅም ፒካፕ ያለውና ይህን አድርጎ በሁለቱም ፍጥነት የተሳካለት ካለ፣ የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር ይጻፍልኝ።