ስለ ሹካ አስቀማጮች

ዘመናዊ የሕንድ ምግብ ቤት ማለት ሳምቡሳ በወረቀት ቁራጭ ሳይሆን በሳህን የሚቀርብበት፣ ሳህኑም ሳምቡሳውን አራት ጊዜ የሚያህልበት ቤት ነው። የልደታ ነዋሪ ይህን ቤት ከሌላው የሚለይበት ምልክት ሦስት ነው። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ መብራቱ ሜኑ ለማንበብ አይበቃም፤ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ሦስቱ ከተሟሉ ዋጋውን መጠየቅ አያስፈልግም። ቢሆንም በስልክ መብራት ይታያል።

ወደዚህ ቤት የሚኬደው በምክንያት ነው። ለዓመታት በቀጠሮ ሲንከባለል የኖረ መዝገብ የተዘጋለት የልደታ ፍርድ ቤት ጠበቃ፣ ከሰንጋ ተራ ባንኮች በአንዱ እድገት ያገኘ ሠራተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣች እህቱን «እዚህም አገር አለ» ለማሰኘት የቆረጠ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ለብቻው፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ያለ ምክንያት የሚሄድ አራተኛ ዓይነት መኖር ነበረበት፤ እስካሁን አልታየም።

ጉዞው የራሱ ታሪክ አለው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከልደታ ነበር። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የልደታ ሰው ዓለምን የሚያየው ከደጁ ነበር። ከዚያ ጄት መጣ፤ ለጄት ደግሞ የልደታ ሜዳ አልበቃ አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅም ተከትሎት ሄደ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደታ ላይ የሚቆመው ቀላል ባቡርም ወደ ቦሌ መንገድ አይታጠፍም። ስለዚህ ራይድ ይጠራል፤ አምስት ሰው በአራት ሰው ቦታ ይቀመጣል፤ የቤተሰቡ እናት የእትዬ ነጠላ በር ላይ ይያዛል።

ሜኑው ረጅም ነው። ስሞቹ እንግዶች ቢመስሉም ሲመረመሩ አብዛኞቹ ከልደታ ወጥ ቤት መደርደሪያ የወጡ ናቸው። ናኑ ላይ የተነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ ነው። በተር ቺክን ውስጥ ሸተት የሚለው ደረቅ ቅጠል የአብሽ ቅጠል ነው፤ እዚህ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን ማንም ለወጥ አስቦት አያውቅም። እርዱ እርድ ነው፤ ድንብላሉም ድንብላል። ጊ የሚባለው ኮሰረትና ኮረሪማ ያልነካው ንጥር ቅቤ ነው። ፓኒር ደግሞ ተጨምቆ፣ ተጭኖ፣ እንደ ሳሙና ተቆርጦ የመጣ አይብ ነው። እትዬ ይህን ሁሉ በማሽተት ብቻ ለይታ ትጨርሳለች፤ ከዚያ «ለዚህ ነው የመጣነው?» የሚለው ጥያቄ ከንፈሯ ላይ ደርሶ በልጇ ዓይን ይመለሳል።

በተር ቺክንን በሚመለከት ለልደታ የቀረበ አንድ ጉዳይ አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. የሞቲ ማሐል ምግብ ቤት ባለቤቶች ዳርያጋንጅ በተባለ ምግብ ቤት ላይ በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል። ጭብጡ በተር ቺክንን ማን ፈለሰፈው የሚል ነው። የክሱ ወረቀት 2,752 ገጽ፣ የተጠየቀው ካሳ 240,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ጠበቃ ይህን ወሬ ማዕድ ላይ ሲሰማ ማን እንደ ፈለሰፈው አይጠይቅም። «ስንተኛ ቀጠሮ ላይ ነው?» ይላል። ዶሮ ወጥን ማን ፈለሰፈ የሚል ክስ ልደታ ቢቀርብ ኖሮ የከሳሾቹ ሰልፍ ሜክሲኮ ይደርስ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ የሚሄድ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የሕንድ ሜኑ ምግብን ቬጅና ሥጋ ያለው ብሎ በሁለት ይከፍላል፤ ሕንድ አገር የታሸገ ምግብ ላይ ሳይቀር ለቬጅ አረንጓዴ ነጥብ ይደረጋል። አረንጓዴ ነጥብ ግን ጾም አይደለም። ቅቤ ቬጅ ነው፤ ክሬም ቬጅ ነው፤ ፓኒር ቬጅ ነው። ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል በሚጾምበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሰማው ንግግር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

«ይሄ የጾም ነው?»

«ቬጅ ነው።»

«ቬጅ መሆኑን አየሁ፤ የጾም ነው ወይ?»

«ሥጋ የለውም።»

«ቅቤስ?»

አስተናጋጁ ወደ ማብሰያ ክፍል ይሄዳል። ሲመለስ ሩዝ ይዞ ይመለሳል።

የቃሪያው ጉዳይ አጭር ነው። አስተናጋጁ ማይልድ፣ ሚዲየም ወይስ ስፓይሲ ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው እንደ ስድብ ይወሰዳል፤ ስፓይሲው ሲመጣ ደግሞ «ሚጥሚጣ አላችሁ?» ይባላል። ቃሪያና በርበሬ ለሕንድም ለኢትዮጵያም ከአሜሪካ ምድር የመጡ እንግዶች መሆናቸው በዚህ ጊዜ ቢነሣ ሰሚ አያገኝም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መንደርደሪያ ነው። የዚህ ምግብ ቤት ዋና ጉዳይ ሹካ ነው።

ሕንዳዊ በቀኝ እጁ ይበላል። ኢትዮጵያዊም በቀኝ እጁ ይበላል። ግራ እጅ ወደ ማዕድ ሲዘረጋ ሁለቱንም ይከፋቸዋል። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ገበታ ሲገናኙ ግን በመካከላቸው የሚቀመጠው የሁለቱም ያልሆነ ሹካ ነው። ባለቤቱ ሹካውን ያቀረበው እንግዳውን ለማክበር ነው፤ እንግዳው የሚያነሣው ቤቱን ለማክበር ነው። በመከባበር ብዛት ማንም አይጠግብም።

በሌላ ቦታ ነገሩ እልባት አግኝቷል። ኒው ዴልሂ፣ አይቲሲ ሞሪያ ሆቴል ውስጥ ያለው ስመ ጥሩ ቡኻራ እንግዳው በእጁ እንዲበላ ሹካና ቢላ አያቀርብም፤ በምትኩ ሽርጥ ያስታጥቀዋል። ባንኮክ የነበረው ጋጋን ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ሜኑውን በኢሞጂ ብቻ ጽፎ፣ ከምግቦቹ አንዱን እንግዳው ከሳህኑ ላይ በምላሱ እንዲልስ ያደርግ ነበር። ይህን ለእትዬ ማስረዳት አይቻልም። ልጇን ሳህን መላስ ያስተወችው በአራት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ሲልስ የነበረውም በነጻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሹካው እንዳለ ስለሆነ ተመጋቢ በሹካ አያያዙ ይመደባል። የመጀመሪያው ጽኑ ነው፤ እስከ መጨረሻው አይለቅም። የታንዱሪ ዶሮ እግር በቢላና በሹካ ሲያባርር ላየው፣ ዶሮው በሕይወቱ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ሁለተኛው በግራው ሹካ፣ በቀኙ ናን የሚይዝ ነው። ሹካው ሥራ የለውም፤ እንደ ችሎት ካባ ለማዕረግ ያህል ይያዛል። ሦስተኛው ሹካ አስቀማጭ ነው።

ሹካ አስቀማጭ ሹካውን በልቡ ያስቀመጠው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። የቀረው ምክንያት ማግኘት ብቻ ነው፤ የሚመደበውም በምክንያቱ ነው። ስልክ ተቀባዩ ስልኩ ሲጠራ ሹካውን ያስቀምጣል፤ ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ሹካው ያለ አይመስለውም። ልጅ አጉራሹ «ልጁ በሹካ አይችልም» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ ከጠገበ በኋላም ማጉረሱን ወደ ራሱ አዙሮ ይቀጥላል። ሹካ ጣዩ ሹካው «ያመልጠዋል»። አስተናጋጁ ሌላ ይዞ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለእሱ የነጻነት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በአገልግሎቱ ፍጥነት የሚያዝን ብቸኛ ደንበኛ እሱ ነው። የአጥንት ሰው ደግሞ አለ፤ «አጥንት በእጅ ነው» የሚል ሕግ ጠቅሶ በእጁ ይገባና ሕጉን ወደ ሩዝ ያሰፋዋል። ምክንያቶቹ ከዚህም ይበዛሉ፤ ሁሉም ግን የሚያስፈልጉት የቤተሰቡ ታላቅ እስኪወስኑ ድረስ ነው።

ታላቁ ጋሼ ይባላሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማሩት፣ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማራቸው ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ መምህር ከነበረው ትውልድ ናቸው። ልጆቻቸው ስለ ሕንድ የሚያውቁት በአማርኛ ከተመለሰ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ጋሼ የሚያውቁት ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ሕንዳዊው ኃላፊ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያወዛውዝ ቤተሰቡ እሺ ይሁን እምቢ ግራ ይገባዋል። «ሰምቻለሁ ማለቱ ነው» ይላሉ ጋሼ፤ «መምህራችንም ስንሳሳት እንደዚሁ ነበር።» መምህሩ በምሳ ሰዓት ተደራራቢ የብረት ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ ሩዙን በጣቶቹ ጫፍ ሰብስቦ፣ ምንም ሳያንጠባጥብ ሲበላ በመስኮት ያዩ ነበር። የተማሩት ሒሳብ ብቻ አልነበረም።

ናኑ ሲመጣ ጋሼ ይነሣሉ። ሙቅ ፎጣ ቀርቦላቸው ነበር፤ ፎጣ ግን ውኃ አይሆንም። ወደ መታጠቢያው ሄደው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው እያንጠባጠቡ ይመለሳሉ። ጠረጴዛው ዝም ይላል፤ እንዲህ ታጥቦ የመጣ ሰው ሹካ አያነሣም። በስመ አብ ብለው ናኑን ይይዛሉ።

ናን እንደ እንጀራ አይደለም። እንጀራ በሦስት ጣት ጎተት ሲያደርጉት እሺ ብሎ ይመጣል፤ ናን ይሳባል፣ ይለጠጣል፣ ሳህኑን ይዞ ይነሣል። ዘዴው አንዱን ጣት እንደ ችካል ተክሎ በሌሎቹ መቅደድ ነው፤ ሕንዳዊ ይህን በአንድ እጁ የሚያደርገው በልጅነቱ ስለ ተማረ ነው። ናን ዓይን የለውም። እንጀራ ወጡን በዓይኑ ይጠጣል፤ ናን ተሸክሞት ይሄዳል፤ መንገዱ ከረዘመም ይጥለዋል። ስለዚህ ጋሼ የጠቀለሉትን የበተር ቺክን ጉርሻ በጠረጴዛው ማዶ ላለችው ከአሜሪካ ለመጣችው ልጃቸው ሲዘረጉ፣ ጉርሻው ያለፈበት መስመር በነጩ ጨርቅ ላይ በብርቱካን ነጠብጣብ ይታተማል። «ኧረ ጋሼ፣ በቃኝ!» ይባላል፤ አፍ ግን ይከፈታል። እንደ ደንቡ ሁለተኛው ይከተላል።

ከዚህ በኋላ ምደባው አይሠራም። ጽኑው ሹካውን ይጥላል፤ ሁለተኛው ግራ እጁን ያሳርፋል፤ ስልክ ተቀባዩ ስልኩን ያጠፋል። ኃላፊው ከሩቅ ያያል፤ ራሱንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዛል። በዚህ ጊዜ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም።

ሂሳቡ ሲመጣ ጭቅጭቁ በማንኛውም ሥጋ ቤት ከሚታወቀው አይለይም፤ የሚለየው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሲደመሩበት ድምፁ ዝቅ ማለቱ ነው። ስኳር የለበሰ የእንስላል ፍሬ በትንሽ ሳህን ይመጣል፤ ልጁ ግማሹን፣ የእትዬ ቦርሳ ግማሹን ይወስዳሉ።

አስተናጋጁ ጨርቁን ይሰበስባል። ከአምስቱ ሹካዎች ሦስቱ እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ምግብ አልነካቸውም። እነሱም ይታጠባሉ።